የሚያውቁትን መጠየቅ

ሲኞራ ኤርሲሊያ ሹካቸውን የሳህኑ ጠርዝ ላይ አሳርፈው "ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?" ሲሉ፣ ኦርኔላ የጎረሰችውን የራቪዮሊ ፓስታ ሳታኝክ ዋጠችው።

ጥያቄው ለእሷ አልነበረም፤ ለዘጠኝ ዓመቷ ልጇ ለዲሌታ ነበር። ይሁንና ኦርኔላ ከአማቷ ጋር ማዕድ በቀረበች ቁጥር የሚጠየቀው ሁሉ ለእሷ የሚመስላት ሴት ናት። በዚያ ላይ የልጇ ፈተና የፊታችን ሐሙስ ነው። ሰሞኑን ቁጭ ብላ አትረጋም፤ ስትነሳ ደግሞ ለምን እንደተነሳች ይጠፋታል።

ዲሌታ አያቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ የራሷን ሹካ አስቀመጠችና በጠረጴዛው ላይ እጇን ዘርግታ የአሮጊቷን እጅ ያዘች።

"አይዞሽ ኖና" አለቻቸው፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ ድምጿን አለስልሳ። "ቀስ ብለሽ አስቢ። ይመጣልሻል።"

የኦርኔላ ባል ቲዚያኖ ሳህኑ ውስጥ የወደቀበት ነገር ያለ ይመስል አቀረቀረ። ቲዚያኖ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው፤ እሑድ እሑድ እናቱ ቤት ግን ያጥራል።

"አታውቀውም ማለት ነው" አሉ ሲኞራ ኤርሲሊያ ወደ ኦርኔላ ዞረው። "ለሦስተኛ ክፍል ፈተና ልትቀመጥ ነው፤ የሰባትን ማባዣ አታውቅም።"

"ታውቀዋለች።"

"እንግዲያው ትንገረኛ!"

"ንገሪያት ዲሌታ" አለ ቲዚያኖ ለሳህኑ።

"ብነግራት አይጠቅማትም አባዬ" አለች ልጅቷ፤ የአያቷንም እጅ ዳበስ ዳበስ አደረገች።

ስምምነቱ እንዲህ ነበር። ዲሌታ ፈተናውን ካለፈች እንደ እስካሁኑ ቤቷ ሆና ትማራለች፤ ከወደቀች መስከረም ላይ ታች ከተማ ትምህርት ቤት ትገባለች። ይህን ያመጣው ቲዚያኖ ነው፣ በእናቱና በሚስቱ መካከል ሰላም ለማውረድ ብሎ። ሰላሙ አልወረደም፤ ለጠቡ ግን ቀጠሮ ተያዘለት። ሲኞራ ኤርሲሊያ ጡረታ እስኪወጡ አርባ ዓመት ያስተማሩት በዚያው ትምህርት ቤት ነው። የልጅ ልጃቸው ፍየል ከሚያረቡ ሴቶች ጋር ጫካ ለጫካ መዋሏን "ትምህርት" ብለው ጠርተውት አያውቁም፤ "ያ ነገር" ነው የሚሉት።

ከምሳ በኋላ በካስታኛ ዛፍ ጫካ መሃል ወደ መንደራቸው በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ኦርኔላ የመኪናውን ቀበቶ አስራ ትፈታለች፣ ፈታ ታስራለች።

"የሰባትን ማባዣ ጠፍቶሽ ነው?" አለች በመጨረሻ ወደ ኋላ ዞራ።

"ኧረ! ሃምሳ ስድስት ነው።"

"ታዲያ ለምን አልመለስሽላትም?"

ዲሌታ ወደ ፊት ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እማዬ፣ እንዳትደነግጪ። ኖና እየረሳች ነው።"

"ምን?"

"ሁልጊዜ ነግሬያታለሁ እኮ። ሃምሳ ስድስት እላታለሁ፤ ደስ ይላታል። በሳምንቱ እንደ አዲስ ትጠይቀኛለች። የጣሊያን ዋና ከተማ ማን ናት ትለኛለች። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አርጅታ! ሮማ ናት እላታለሁ፤ በሳምንቱ ሮማም ጠፍታለች። በኋላ ፊያሜታ ፍየሎቿን እያለበች ስለ አባቷ ስትነግረን ምን አለች? ሽማግሌ የረሳውን ነገር አታቀብሉት፤ ራሱ ይፈልገው፤ አለበለዚያ ጭንቅላቱ ይዝጋል አለች። እኔም መንገር ተውኩ።"

ቲዚያኖ መኪናውን ዳር ማስያዝ ግድ ሆነበት። መሪው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይናጣል።

"እናቴን!" ይላል እንባውን እየጠረገ። "አርባ ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ስትጠይቅ፣ ለካ ታማብን ነው!"

ኦርኔላ ግን አልሳቀችም። ቀበቶዋን እንደገና ፈታች።

"ሐሙስ ዕለት ፈታኟ እንደዚህ ብትጠይቅሽስ?" አለቻት።

"እሷም አሮጊት ናት?"

"አይደለችም። ወጣት ናት።"

ዲሌታ ፊቷ በሐዘን ተለወጠ። "ምስኪን!" አለች።

ነገሩ ከልጅቷ አልነበረም። ስድስት ቤተሰቦች ናቸው ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩት፤ ማክሰኞ ማክሰኞ መንደሩ ዳር ባለው፣ ሥራ ካቆመ በቆየው የአይብ ቤት ይገናኛሉ። ያላቸውን በጋራ አድርገዋል። አንዲት ማይክሮስኮፕ አለቻቸው፤ እንደ ዕቁብ በተራ ከቤት ቤት ትዞራለች። አንድ የግድግዳ ካርታ አላቸው፤ በእሱ ላይ ዩጎዝላቪያ እስከ ዛሬ አልፈረሰችም፤ ልጆቹ ስለለመዷት ማንም ሊያወርዳት አልጨከነም። አንዷ እናት ሙዚቃ ታውቃለች፣ ሌላዋ የሂሳብ ሰው ናት፣ አንዱ አባት ንብ ያረባል። ማንም የማያውቀው ነገር ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይማሩታል፤ ደስ የሚላቸውም ያን ጊዜ ነው። ኦርኔላ ቤት ማስተማር ጀምራ፣ ልጇን ይዛ ብቻዋን የቀረች በመሰላት በመጀመሪያው ክረምት፣ ሾርባም መጽሐፍም ይዘው በሯን ያንኳኩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። እንዲህ በቀላሉ የምትቀየማቸው አይደሉም።

መሪያቸው ፊያሜታ ናት። ቤት መንደፍ ትታ ፍየል የምታረባ ሴት ናት፤ ድምጿ ግን ሕንፃ ተቆጣጣሪ እንደሆነ ቀርቷል። የአይብ ቤቱ በር ላይ በሰማያዊ ቀለም "የምታውቁትን አትጠይቁ" ብላ የጻፈችው እሷ ናት። አዋቂ ልጅን ከጠየቀ እውነት ጠፍቶት መሆን አለበት፤ መልሱን ይዞ የሚጠይቅ ሰው ወጥመድ ነው ያጠመደው ትላለች። ልጆቹም በዚህ አድገዋል። "መጥረጊያው የት ገባ?" ካልሃቸው ሁሉም ተሯሩጠው ይፈልጉልሃል። አንድ ሰው ጠየቀ ማለት አንድ ሰው ተቸገረ ማለት ነው።

እስከ አምና ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም። የቀድሞው ርዕሰ መምህር ልጆቹን አንድ በአንድ አስቀምጠው "እስቲ ዘንድሮ ምን ስትሠሩ ከረማችሁ?" ይሏቸው ነበር። እሳቸው በርግጥም የማያውቁት ነገር ስለሆነ ልጆቹ አዝነውላቸው እስኪመሽ ያወሩላቸዋል። እሳቸው ጡረታ ወጡ። አዲሶቹ ፈታኞች እንደ ደንቡ ነው የሚጠይቁት ተባለ። የዘንድሮዋ የመጀመሪያ ተፈታኝ ደግሞ ዲሌታ ናት።

ማክሰኞ ዕለት ኦርኔላ ጉዳዩን ስትናገር ፊያሜታ ደስ አላት።

"አየሽ? አልተበላሸችም!" አለች። "ደግሞ ምን ችግር አለው፣ እንለማመዳለን።"

ልጆቹን አስቀመጠች፤ ከፊታቸው ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"የጣሊያን ረጅሙ ወንዝ ማን ነው?"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ባለፈው የነገርሽን አንቺ ነሽ እኮ" አለ የገዛ ልጇ።

"አውቃለሁ። እንዳላወቅሁ ሆኜ ነው።"

"ለምን?"

"ለፈተና።"

"ልትፈተኚ ነው?"

"እናንተ ናችሁ የምትፈተኑት!"

"እኛማ እናውቀዋለን።"

"እኮ ንገሩኛ!"

"አንቺ አታውቂውም?"

ፊያሜታ ፊቷ ቀላ። ዲሌታ ተነስታ ውሃ አመጣችላት። ሌላ ልጅ ካርታው ሥር ወንበር አስጠጋላት፣ ወጥታ ወንዙን በጣቷ ራሷ እንድታገኘው። የሂሳቧ እናት ልሞክር ብላ ተነሳች፤ እሷ ግን ከልማድ "ፖ አይደል እንዴ የጣሊያን ረጅሙ ወንዝ?" አለችና ሁሉም "ነው" ብለው አመሰገኗት። ንብ አርቢው ጭራሽ መጠየቁን ረስቶ ስለ ወንዙ ጎርፍ ማውራት ጀመረ።

ኦርኔላ ዳር ዳሩን ስትንቆራጠጥ ቆይታ ድንገት መሃል ገባች። "ዲሌታ!" አለች፤ ድምጿ ከፈለገችው በላይ ጮኸ። "ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?"

ልጅቷ ደረቀች። ቀስ ብላ መጥታ እናቷን ሽቅብ አየቻት፤ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።

"እማዬ፣ አንቺም?" አለቻት። "በዚህ ዕድሜሽ?"

ኦርኔላ በሩን ከፍታ ወጣች። የአይብ ቤቱን ዞረችው፤ አንድ ጊዜ አልበቃት ብሎ ደገመችው። ፊያሜታ ተከትላ ወጥታ ጥግ ላይ ጠበቀቻት።

"ስሚኝ" አለቻት። "ብትወድቅ ትውደቅ። ስለማታውቅ አይደለም የምትወድቀው፤ ስለምታዝን ነው። ይሄ እኮ ድል ነው!"

"ድሉን አንቺ ውሰጂው። መስከረም ላይ የምትወርደው የኔ ልጅ ናት።"

"ታዲያ ምን እናድርግ? መጠየቅ የሚችል ሰው የለንም።"

ኦርኔላ ወደ ታች፣ ወደ ከተማው ጣሪያዎች አየች። ፊያሜታ ዓይኗ የሄደበትን ተከትላ ደነገጠች።

"ኧረ ባክሽ! እሳቸውን? እዚህ ልታመጫቸው?"

"እዚህ አላልኩም" አለች ኦርኔላ፤ የመኪናዋንም ቁልፍ ፍለጋ ኪሶቿን ሁሉ ዳበሰች። ቁልፉ እጇ ላይ ነበር።

ሲኞራ ኤርሲሊያ ጓሮ ውስጥ የፎሶሊያ ሐረግ ከእንጨት ጋር እያሰሩ አገኘቻቸው። ኦርኔላ ክሩን አነሳች፤ አስቀመጠች፤ ባልዲውን አነሳች፤ አስቀመጠች።

"አንድ ቦታ ቁሚ እባክሽ" አሉ አማቷ ቀና ሳይሉ። "ፎሶሊያው ይደነግጣል።"

"እማማ፣ ላስቸግርዎት ነው የመጣሁት።"

"ገብቶኛል። ካልቸገረሽ በማክሰኞ አትመጪም።"

"ዲሌታ እሑድ ዕለት ዝም ያለችው ስለማታውቅ አይደለም።"

"እህ?"

"እርስዎ... የረሱ መስሏት ነው።"

የአሮጊቷ እጅ ሐረጉ ላይ ቆመ። "ምኑን?"

"ሁሉንም። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ነገር ስለሚጠይቁ። እኛ ጋ ሰው የሚጠይቀው ሲጠፋው ብቻ ነው።"

ሲኞራ ኤርሲሊያ ባልዲውን ደፍተው ላዩ ላይ ተቀመጡ።

"እጄን የያዘችኝ ለዚያ ነው?"

"አዎ።"

"መድኃኒትሽን ውጠሻል ወይ ያለችኝም?"

"ሳይሆን አይቀርም።"

"የሹራቤ ኪስ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት አግኝቼ ነበር" አሉ። "ስሜና የቤቴ ቁጥር፣ በቀይ እርሳስ።"

ኦርኔላ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። አማቷ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡምም።

"ስህተት የለበትም" አሉ በመጨረሻ። "ፊደሏ ጥሩ ነው።"

"ሐሙስ ፈታኟንም እንደዚህ ነው የምታደርጋት። እባክዎን ያለማምዷት። እኛ ሞክረን አቃተን።"

"እኔ ለምን ብዬ? ብትወድቅ የምፈልገው ትምህርት ቤት አይደል የምትገባው?"

"ብትወድቅ ደስ ይልዎታል?"

ሲኞራ ኤርሲሊያ ክሩን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙ። "በማታውቀው ብትወድቅ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽሽም። በምታውቀው ብትወድቅ ግን ስድቡ ለሙያዬ ነው። ነገ ጠዋት አምጪያት። አንቺ ደግሞ ስታመጫት፣ ወይ ተቀመጪ ወይ ሂጂ።"

በማግስቱ ኦርኔላ አልተቀመጠችም፤ አልሄደችምም። የማድ ቤቱ በር ላይ ተደግፋ ቆመች። አያትና ልጅ በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

"እኔ አልረሳሁም" ብለው ጀመሩ ሲኞራ ኤርሲሊያ። "ሃምሳ ስድስት። ሮማ። ፖ። ገባሽ?"

ዲሌታ አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ ወንበሯን ገፍታ ሄዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። "ድነሻል!" አለች።

"አልታመምኩም። ተቀመጪ።" መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ሁልጊዜም አውቀው ነበር።"

"ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?"

"አንቺ ማወቅሽን ስለማላውቅ።"

ዲሌታ ይህን አሰበችበት። "ታዲያ 'ታውቂያለሽ ወይ?' አትይኝም ነበር?"

"ብልሽ ምን ትያለሽ?"

"አዎ እላለሁ። ስለማውቀው።"

"ሁሉም አዎ ይላል፣ የኔ ልጅ። የማያውቀውም።"

"ስለዚህ መምህር አያምንም ማለት ነው?"

"ሥራው ነው" አሉ ሲኞራ ኤርሲሊያ። "መምህር ከጠየቀሽ መልሱን ያውቀዋል።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ። ፈታኟ የማታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንቺ ማወቅሽን። አትዘኚላት፤ አትርጃት፤ እጇንም አትያዢ። መልሱን ስጫትና ዝም በይ። አንድ ምስጢር ልንገርሽ?" ወደ ጠረጴዛው ዘንበል አሉ። "ሲጠፋሽ ከንፈሯን እዪ። መልሱን የያዘ ሰው አፉ አስቀድሞ ይሰናዳል። ስንቱ ልጅ ከኔ ከንፈር ላይ እያነበበ አልፏል፤ እኔ አላየሁም መስሏቸው።"

ኦርኔላ በሩ ላይ ሳታውቀው የራሷን ከንፈር በእጇ ሸፈነች።

"እንጀምር። የጣሊያን ረጅሙ ወንዝ?"

ዲሌታ የአያቷን ከንፈር አየች። "ፖ።"

"ብራቫ!" አሉ አሮጊቷ፤ ልጅቷም ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምታው እንደማታውቅ ሁሉ ጉንጯ ፍም መሰለ። እስከ ምሳ ድረስ አላቆሙም።

ሐሙስ የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ግድግዳው ላይ በልጅ ቁመት የካፖርት መስቀያዎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ በላይ ስም ተለጥፏል። ከመካከላቸው አንዱ ስም የለውም። ኦርኔላ ከእሱ ለመራቅ ብላ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ያው እሱ ጋ ትደርሳለች።

"ሲኞራ፣ ወለሉ ገና አልደረቀም" አለቻት የጽዳት ሠራተኛዋ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ይቅርታው ይቅርና ይቁሙ።"

ቆመች። ከበሩ ወዲያ የሴት ድምፅ "ሰባት ጊዜ ስምንት?" ሲል ሰማች።

መልሱ ዘገየ። ለኦርኔላ ልጇ ተነስታ፣ ጠረጴዛውን ዞራ፣ የፈታኟን እጅ ስትይዝ ታያት።

"ሃምሳ ስድስት" አለ የዲሌታ ድምፅ።

ከዚያ ወዲያ መልሱ እንደ ቧንቧ ውሃ ወረደ። ወንዙ፣ ዋና ከተማው፣ የሙታን በዓል የሚውልበት ወር፣ የስም ዓይነቶች። አጭር አጭር፣ ንጹሕ ንጹሕ። ኦርኔላ ይህን ድምፅ አላወቀችውም። የሷ ልጅ ስለ አንድ ቀንድ አውጣ ስትጠየቅ ግማሽ ቀን የምታወራ ልጅ ናት።

በሩ ሲከፈት ፈታኟ ፈገግ ብላ ወጣች። "አልፋለች፤ በጥሩ ውጤት። አንድም አልሳተችም።" ከዚያ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሲኞራ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ጥርሴ ላይ የሆነ ነገር አለ እንዴ? አፌን ስታየኝ ነው ያረፈደችው።"

ኦርኔላ አየች። "ምንም የለም" አለቻት።

ኦርኔላ ውጤቱን ለሁሉም ጽፋ ወደ መኪናው ስትገባ ስልኳ ይጮህ ጀመር። ቲዚያኖ ለእናቱ ደውሎ ነግሯቸው ኖሮ፣ "አለቀሰች፤ ደስታ ይሁን ንዴት አልለየሁም" ብሎ ጽፏል። ፊያሜታ "መንገዳችን አሸነፈ!" ብላ ለሁሉም ልካለች፤ ከሥሩ የፍየልና የአበባ ሥዕል ደርድራበታለች። ኦርኔላ ስልኩን ደፍታ አስቀመጠችው። ሞተሩን አስነሳች፤ አጠፋችው።

"ምን ምን ጠየቁሽ?" አለች ወደ ኋላ ዞራ።

ዲሌታ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ እጆቿንም ጉልበቷ ላይ አደረገች። "ማባዣ። ወንዝ። ዋና ከተማ። በዓል። የስም ዓይነቶች። ልክ ነኝ?"

"እኔ እንጃ፤ ውጭ እኮ ነበርኩ።"

ልጅቷ ነገሩ እንደገባው ሰው ፈገግ አለች። "ታውቂዋለሽ። ማወቄን ነው የማታውቂው።"

"የእውነቴን ነው ዲሌታ። ጠፍቶኝ ነው የምጠይቅሽ።"

"እሺ" አለች ዲሌታ በትዕግሥት። "ቀጥዪ።"

ኦርኔላ የምትጠይቀውን ፈለገች። በዓለም ላይ ያለ ማንም መምህር መልሱን ሊይዘው የማይችል፣ እሷም ከልጇ አፍ ካልሰማች የማታገኘው አንድ ነገር ብቻ መጣላት።

"ደስ ብሎሻል?" አለቻት።

ዲሌታ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን የእናቷ ከንፈር ላይ ተክላ ጠበቀች።